ዙሩን ያከረርነው ለማን ነበር?

የሰከንድ 30 መቶኛ። የጎደለን ይኸው ነው። ጆሹዋ ቼፕቴጌይ 26:43.14፣ በሪሁ አረጋዊ 26:43.44። ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት፣ ፓሪስ፣ ስታድ ደ ፍራንስ፣ የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ። ወርቁ ለዩጋንዳ፣ ብሩ ለእኛ። ዮሚፍ ቀጀልቻ ስድስተኛ። ሰለሞን ባረጋ ሰባተኛ።

በማግሥቱ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በየቡና ቤቱ የሰማነው አንድ ቃል ነበር፦ ዕድል። «ዕድል የለንም እኮ!» «ለጥቂት አመለጠን።» «ምን ይደረግ፣ የሰውዬው ቀን ነበር።» ብርም ሜዳሊያ ነው ያሉ አልጠፉም። ነው። በሪሁ ለዚያ ብር ምን እንደከፈለ ሩጫውን ያየ ያውቃል። በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ከኋላ መጥቶ፣ አሜሪካዊውን ግራንት ፊሸርን በሰከንድ 2 መቶኛ ቀድሞ ነው የነጠቀው። እሱን የሚወቅስ አፍ የለንም። ግን ዕድል ማለት ምን ማለት ነው? ከዚያ ምሽት የበለጠ ዕድል መቼ ተሰጥቶን ያውቃል?

እንቁጠረዋ። በመነሻው መስመር ላይ ሦስት ልጆች ነበሩን። አንዱ ሰለሞን ባረጋ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ በዚሁ ርቀት ይህንኑ ቼፕቴጌይን ቀድሞ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀ። ሁለተኛው ዮሚፍ ቀጀልቻ ነው፤ የቤት ውስጥ የአንድ ማይል የዓለም ክብረ ወሰን፣ 3:47.01፣ ያን ምሽት በስሙ ነበር። አንድ ማይል! በቤት ውስጥ 3,000 ሜትርም ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሦስተኛው በሪሁ ነው፤ ከፊት ሆኖ ሰው ማድከም የሚወድ፣ ለብቻው መሮጥ የማያስፈራው። ከሰባት ሳምንት በፊት ስፔን ውስጥ በተካሄደው የብሔራዊ ቡድኑ ማጣሪያ ዮሚፍ 26:31.01፣ በሪሁ 26:31.13 ሮጠዋል። ፓሪስ ላይ ወርቅ ካስገኘው ሰዓት 12 ሰከንድ የፈጠነ ነው። ታዲያ ምን ጎደለን? ጉልበት? ፍጥነት? ልምድ? የሰው ብዛት?

ተራ ጎደለን። ማን ይቅደም፣ ማን ይቀበል፣ ማን ይቆይ። ልክ ጎደለን። የቱ ጋ ዝግ፣ የቱ ጋ ክርር። የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ ከዚህ ሌላ ምን አለው?

ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ልጆቹ ገና በጊዜ ወደ ፊት ወጡ። ተፈራርቀው መሩ። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይተካል። እኛም ጮህን! ሐምሌ ነው፤ የሚዛን ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ የኮሜንታተሩ ድምፅ አይሰማም። ማን ፈልጎት? ከፊት ያሉት የእኛ ናቸው። ወንበር ላይ የቆመ አለ፣ ጠረጴዛ የሚደበድብ አለ። አንድ የስፖርት መምህር ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጦ በስልኩ ሰዓት ይይዝ ነበር። ዙር ባለፈ ቁጥር ስልኩን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል። «ያው ነው። ስድሳ አራት አካባቢ። ያው ነው።» ማንም አልሰማውም። ጥቂት ቆይቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አስቀመጠና፣ «ለማን ነው የሚሮጡት ግን?» አለ። ዝም በል አልነው። አታሟርት አልነው!

ለማን ነበር የሚሮጡት? ስሌቱ እኮ የሁለተኛ ክፍል ነው። 26:43.14 ለ25 ዙር ሲካፈል አንዱ ዙር በአማካይ 64.1 ሰከንድ ይወጣዋል። ቼፕቴጌይ እ.ኤ.አ. በ2020 ቫሌንሲያ ላይ የዓለም ክብረ ወሰኑን፣ 26:11.00ን፣ ሲያስመዘግብ አንዱን ዙር በአማካይ በ62.8 ነበር የዞረው። ለዚህ ሰው 64 ምኑ ነው? ቅጣት ነው? ስጦታ ነው እንጂ! ያውም ነፋሱን የሚቆርጡለት ሦስት የኢትዮጵያ ልጆች ከፊቱ ተሰልፈውለት። ገንዘብ ተከፍሏቸው በየዳይመንድ ሊጉ የሚያሯሩጡ ሰዎች አሉ። እኛ ያንኑ ሥራ በነፃ፣ በኦሊምፒክ ፍጻሜ፣ በሻምፒዮኖቻችን እግር ሠራንለት።

አንድ ቁጥር አለ፣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበን። የቀነኒሳ በቀለ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 27:01.17 ነበር። ለ16 ዓመት የነካው አልነበረም። ያን ምሽት ስንት ሰው ከዚያ በታች ገባ? አሥራ ሦስት! ዙሩን ያከረርነው ሰው ለማራገፍ ነበር። ማንን አራገፍን? ቼፕቴጌይ ከኋላችን አለ። ፊሸር አለ። ካናዳዊው ሞሐመድ አሕመድ አለ። ኬንያዊው በርናርድ ኪቤት አለ። ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ያለው ልዩነት አንድ ሰከንድ ተኩል አይሞላም። 24 ዙር ሙሉ ደክመን፣ አንድም ለሜዳሊያ የሚያሰጋ ሰው አላራገፍንም። ወደ መጨረሻው ዙር ሲጠጋ ቼፕቴጌይ ወጣ። አለቀ።

እኩል የሆነ ፍጥነት፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ለተከታይ ይመቻል። እግሩ ምት ያገኛል፣ ትንፋሹ ልክ ያገኛል። ሰው የሚሰበረው ሲለዋወጥበት ነው። አንዱን ዙር በ61 ጨርሰህ ቀጣዩን በ66 ስትለቅለት፣ አሁን አረፍኩ ሲል እንደገና በ61 ስትነሳበት፣ ያኔ ነው ጭኑ የሚከዳው። ይህን ጥበብ ከማን እንማር? ከኬንያ? ከአሜሪካ? ሞስኮ፣ እ.ኤ.አ. 1980! ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ፊንላንዳውያኑን ያደከሙት በምን ነበር? እየተነሱ፣ እየለቀቁ፣ እንደገና እየተነሱ። ላሴ ቪረን የሁለት ኦሊምፒክ ንጉሥ ነበር፤ አምስተኛ ሆኖ ገባ። ምሩፅ አንደኛ፣ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ። እያንዳንዱ ድርሻውን ያውቅ ነበር። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ማርሹን የሚቀይረው ጓደኞቹ መንገዱን ከጠረጉለት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማን ይደርስበታል!

ይህ ሩቅ ነው ካላችሁ፣ ቅርብ እንምጣ። ከሁሉ የሚያቃጥለው ይኸኛው ነው። ያው ፓሪስ። ያው ስታድ ደ ፍራንስ። ያው ርቀት። ነሐሴ 1995 ዓ.ም.፣ የዓለም ሻምፒዮና። ቀነኒሳ አንደኛ፣ 26:49.57። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሁለተኛ፣ 26:50.77። ስለሺ ስህን ሦስተኛ። ተከታትለው ገቡ! የመጀመሪያው 5,000 ሜትር በ13:52 አካባቢ ነው ያለቀው፤ ለእነዚያ ሰዎች እንደ ማሟሟቂያ ነበር። ሁለተኛው 5,000 በ12:57 አለቀ። በ12:57! ብዙ ጎበዝ ሯጭ ለብቻው 5,000 ተወዳድሮ የማይሮጠውን ሰዓት እነሱ በሩጫው ሁለተኛ ግማሽ ሮጡት። ማን ተከተላቸው? ሲጀምሩ ሁሉንም ይዘው ሄዱ፣ ሲጨርሱ ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ኃይሌ፣ ያ ሁሉ ወርቅ ያለው ሰው፣ ከፊት ሆኖ ዙሩን መራ፤ ወርቁን ወጣቱ ወሰደ። ማንም አልሞተም። ሦስቱም ሜዳሊያ ይዘው ወጡ።

በ2016 ዓ.ም. በዚያው ከተማ፣ በዚያው ስታዲየም የሮጥነው ሁለቱ ግማሾች ብዙም የማይለያዩበትን ሩጫ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት። ቀመሩ በእጃችን ነበር። በቪዲዮ አለ። ሯጮቹ በሕይወት አሉ። እዚያው አዲስ አበባ ይኖራሉ። ማን ደውሎ ጠየቃቸው? ወይስ እኛ የሠራነውን እኛው ለመርሳት 21 ዓመት በቃን?

«ዝግ ቢሉስ ያው ቼፕቴጌይ ይቀድም አልነበረም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቡዳፔስት ላይ ዝግ ባለ ሩጫ፣ በ27:51.42፣ ቀድሞናል። ያኔ ሰለሞን ሦስተኛ፣ በሪሁ አራተኛ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዩጂን ላይም ያው ሆኗል። ሰውዬው ትልቅ ሯጭ ነው፤ ማንም አይክደውም። ዝግ ብላችሁ ጠብቁት አላልንም። ግን በእጃችን ሦስት የተለያየ ነገር የሚችሉ ሰዎች እያሉ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ሥራ መስጠት ምን ይባላል? በሪሁን ከግማሽ በኋላ ልቀቁት፤ እየተነሳ እየለቀቀ ይምታቸው፤ ሥራው ያ ነው። ዮሚፍ ሦስት አራት ዙር ሲቀር ይቀበለው። ሰለሞን ግን አይነካ! አንድም ዙር አይምራ። ነፋስ አይምታው። ከቼፕቴጌይ ትከሻ ሥር ተጠልሎ ይምጣ። ደወሉ ሲደወል ትኩስ እግር ያለው አንድ ኢትዮጵያዊ ይኑረን። አንድ! ያን ምሽት ደወሉ ሲደወል ትኩስ እግር የነበረው ማን ነበር? የዩጋንዳው ሰው።

ደግሞ ይህን ስህተት ሌላ ሰው ሲሠራው በዓይናችን አይተን ነበር። ቶኪዮ፣ ሐምሌ 2013 ዓ.ም.። ዩጋንዳዊው ስቴፈን ኪሳ ገና ከጅምሩ ለብቻው ፈትልኮ ወጣ። ለአገሩ ልጆች ለቼፕቴጌይና ለኪፕሊሞ ተብሎ ነበር ያ ሁሉ መሰዋት። የእኛ ልጆች ምን አደረጉ? ምንም። አልተከተሉትም። ተዉት ይሂድ አሉ። ኪሳ አቋርጦ ወጣ፤ ሰለሞን የመጨረሻውን ዙር እንደ አቦሸማኔ በረረና በ27:43.22 ወርቁን ወሰደ። ዩጋንዳ በዚያ ስህተት አንድ ሰው አቃጠለች፤ ተማረችበት። እኛ በሦስት ዓመቱ ያንኑ ስህተት አንስተን ሦስት ሰው አቃጠልንበት።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ጨዋታ ላውራ፣ አትሳቁብኝ። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ አንድ ሕንዳዊ መምህር ጎረቤታችን ነበሩ። የሚያወሩት ሁሉ ስለ ክሪኬት ነው። እኛ ሀገር ማንም የማይጫወተው ጨዋታ ነው፤ ግን አጭሩን ዓይነት፣ ትዌንቲ ትዌንቲ የሚሉትን፣ ሲያስረዱኝ ጆሮዬ ቆመ። አንድ ቡድን የሚመታው ኳስ 120 ብቻ ነው። 120 ኳስ፣ አሥር የሚቃጠል ሰው። ከዚያ ውጪ ምንም የለህም። ጨዋታው በሙሉ ሁለት ጥያቄ ነው፦ ማን መጀመሪያ ገብቶ ይምታ? በምን ፍጥነት ነጥብ ይሰብሰብ? ቶሎ ከቸኮልክ ሰዎችህ ተቃጥለው ያልቃሉ። ከዘገየህ ኳሱ ያልቅብሃል። አሠልጣኞቹ በዚህ ላይ እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ አሉኝ።

ከፓሪስ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ባርቤዶስ ላይ ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ለዓለም ዋንጫ ተገናኙ። ሕንድ ገና በጅምሩ ሦስት ሰው በ34 ነጥብ ተቃጠለባት። ያኔ ምን አደረጉ? በተለመደው ተራ የሚቀጥለውን ትተው አክሳር ፓቴልን አስቀደሙት። ይበልጥ በኳስ ወርዋሪነቱ የሚታወቅ ሰው ነው። በ31 ኳስ 47 ነጥብ አመጣ። በሌላው ጫፍ ቪራት ኮህሊ ዝግ ብሎ፣ እየጠበቀ፣ በ59 ኳስ 76 ሰበሰበ። አንዱ ያከርራል፣ አንዱ ይይዛል። ሕንድ 176 አደረሰች። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ 30 ኳስ ሲቀር 30 ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ስድስት ሰው በእጇ ይዛ! ሄንሪክ ክላሰን በ27 ኳስ 52 መትቶ ዋንጫውን ደጃፍ አድርሶታል። ከዚያ እሱ ወጣ። ከዚያ ሁሉም ነገር ተልፈሰፈሰ። በ7 ነጥብ ተሸነፉ። ደቡብ አፍሪካውያን ያን ቀን ዕድል አሉ? የዚያች ሀገር ሰው ያን 30 ኳስ እስከ ልጅ ልጁ ሲቆጥረው ይኖራል። እኛ ግን 25 ዙራችንን ማን እንዴት እንደመራው በማግሥቱ የጠየቀ አልነበረንም። ብር አለን ብለን ተኛን።

እኛስ፣ እዚህ ያለነውስ? ሁልጊዜ አዲስ አበባ ላይ ጣት መቀሰር ይቀናናል። እዚህ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲኖር ሜዳ ወርዳችሁ እዩ። ፊሽካ ሲነፋ ልጁ እንደ ጥይት ይወጣል። እናጨበጭባለን! እናፏጫለን! «ጎበዝ! አንበሳ!» በሦስተኛው ዙር ልጁ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል። በአራተኛው ከሜዳው ይወጣና ሣሩ ላይ ይዘረጋል። ያኔ «ወኔ የለውም» እንላለን። ማን ነው ቆይ ያለው? ማን ነው ሁለተኛ ሁንና ተከተል፣ እስከ ደወሉ ጠብቅ ብሎ የነገረው? እኛ የምናጨበጭበው ከፊት ላለው ነው። የተደበቀውን ፈሪ እንለዋለን። ቡና ስንለቅም እንኳ ተራ እናውቃለን፤ ቀዩን እናስቀድማለን፣ አረንጓዴውን ለቀጣዩ ዙር እንተዋለን፤ ሁሉንም አንድ ላይ የሸመጠጠ ለቃሚ ይሰደባል። በሩጫ ጊዜ ግን ሁሉንም አንድ ላይ መሸምጠጥ ጀግንነት ይሆንብናል! ያ ሜዳ ላይ ያጨበጨበ ሕዝብ ነው ፓሪስን ስክሪን ላይ ሲያይ ጠረጴዛ የደበደበው። እኛው ነን።

በዚያው ሰሞን ሌላስ አላየንም? ጉዳፍ ፀጋይ የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ሆና ነው ፓሪስ የገባችው። ሦስት ርቀት፣ 5,000፣ 10,000፣ 1,500። ዘጠነኛ። ስድስተኛ። አሥራ ሁለተኛ። በ1,500ው ፍጻሜ ገና ከመነሻው ዙሩን አክርራ ወጣች። ለማን? ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን ተከትላ መጣችና በ3:51.29 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረች። ከኋላ የነበረችው የእኛዋ ድርቤ ወልተጂ አራተኛ ሆና ከሜዳሊያ ውጪ ቀረች። አሁንም አሯሯጭ ሆንን። አሁንም በነፃ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ መታጠቂያውን ማን ይቋጥርላቸው ነበር? የልጆቹ ሥራ መሮጥ ነው። ማሰብ የሚገባው ሌላ ሰው ነበር።

ያ ኦሊምፒክ አንድ ወርቅ ብቻ ሰጠን። ማን አመጣው? ታምራት ቶላ። ማራቶን፣ 2:06:26፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ታምራት ማን ነበር? ተጠባባቂ! ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር ውድድሩ ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲቀረው የተተካ ሰው። ተራው በአጋጣሚ ሲቀየር ወርቅ መጣ። አስበን ብንቀይረውስ ኖሮ?

ከፓሪስ በኋላ እንማራለን ብለን ነበር። ተማርን! ግን ምን ተማርን? መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ ያው 10,000። እርጥበት ያለው፣ የሚያፍን ምሽት። በፓሪስ ከፊት ወጥተን ተቃጠልን፤ ስለዚህ በቶኪዮ ማንም ከፊት አይውጣ። ማንም አልወጣም። ጠብቀን፣ ጠብቀን፣ ጠብቀን፣ ሩጫው የመጨረሻ 400 ሜትር ብቻ ሆነ። ያኔ ከኋላችን ማን አለ? ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲየር። 28:55.77። ዮሚፍ ቀጀልቻ 28:55.83። ስዊድናዊው አንድሪያስ አልምግረን 28:56.02። የፓሪሱ ወርቅ ከመጣበት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ በላይ የዘገየ ሩጫ! ልዩነቱ የሰከንድ 6 መቶኛ። ስድስት!

በዚያ ምሽት ማን ነው ያንን ሩጫ በግማሽ ላይ የሚያስቀይረው? በ26:31 የሮጡ ሰዎች ያሏት ሀገር፣ ሩጫው በ28:55 እንዲያልቅ ትታ ፈረንሳይና ስዊድን ለመጨረሻው ዙር ትኩስ እግር ይዘው እንዲመጡ ፈቀደች። በፓሪስ አክርረን ተበላን፤ በቶኪዮ ዝግ ብለን ተበላን። ሁለቱም ስህተት አንድ እናት አላቸው፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ማክረር፣ ሦስቱንም አንድ ላይ ማስተኛት። አንዱ ይምታ፣ አንዱ ይቆይ የሚል ሰው የለም። ከዚያ ሻምፒዮና አንድ ወርቅ ሳንይዝ ተመለስን። ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻው ጮኸ፤ በማግሥቱ ሁሉም ተንታኝ ሆነ። እኛም ጭምር።

ስለ ዮሚፍ ግን ዝም ማለት አልቻልንም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሃ ላይ ብር፣ በሰከንድ ገደማ ልዩነት፣ ከቼፕቴጌይ ኋላ። ቶኪዮ ላይ ብር፣ በሰከንድ 6 መቶኛ። በመሀሉ ፓሪስ፣ ስድስተኛ፣ ከወርቁ 88 መቶኛ ርቆ። ግማሽ ማራቶንን ቫሌንሲያ ላይ በ57:30 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የጨበጠ ሰው ነው፤ የማይል ፍጥነትም አለው። ይህ ሁሉ ያለው ሯጭ ከቤት ውጪ በትራክ በአዋቂዎች ደረጃ አንድም የዓለም ወርቅ የለውም። ምን ቢሰጠን ነው የምናውቅበት? ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚወለድልን?

ስለሺ ስህን በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። በ1995 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ኃይሌንና ቀነኒሳን ተከትሎ ሦስተኛ የገባው ያው ስለሺ። የሁለተኛውን ግማሽ ህመም በእግሩ ያውቀዋል። ማን መሥራት፣ ማን መጠበቅ እንዳለበት ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? በቶኪዮ ሽንፈት ጊዜ መንበሩ ላይ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ለእሱም ነው፣ ለአሠልጣኞቹም ነው፣ ቡና ቤት ውስጥ ለምንጮኸው ለእኛም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም ሻምፒዮና ወደ ቤጂንግ ይመለሳል። ልጆች እንልካለን። ሰዓታቸው ጥሩ ይሆናል፤ ሁልጊዜም ጥሩ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ነገር እንፈልጋለን፣ ከሩጫው በኋላ ሳይሆን በፊት። እስከ ሃያኛው ዙር ከፊት የማይታየው ልጅ ማን ነው? ስሙን ንገሩን። ስክሪኑ ላይ ስናጣው እንዳንሰድበው።